ከአዴ ገለቴ ላይ ያስወለቅኩት ጥቁር

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ነቀምቴ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተይዞ፣ ለሰባት እናቶች ጥቁር ልብሳቸውን የማስወለቅ መርሐ ግብር ተዘጋጅቷል። ለሰባቱም አንድ ዓይነት ባለአበባ ቀሚስ ተሰፍቷል። ባነሩ ታትሟል። የቀረው ተናጋሪ ብቻ ነው። «ጋሼ በሁለቱም ቋንቋ አንጀት የሚያርስ ንግግር ስለሚችሉ» ይላል መልእክቱ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት የተጣመሩ እጆች ተለጥፈውበታል።

መጀመሪያ የተናደድኩት በእጆቹ ነው። ሰው ሲናደድ ከትንሹ ይጀምራል። ከዚያ ደወልኩ።

«እናቶቹ ማን ነው የሞተባቸው?» አልኩት አስተባባሪውን። ትሑት፣ ድምፁ የሚያምር ወጣት ነው።

«ልጆቻቸው ናቸው ጋሼ። የአንዷ ባሏም ጭምር። ያው በዚህ ሰሞን ግርግር፣ እርስዎም የሚያውቁት ነው።»

«የት ሞቱ? ማን ገደላቸው? ሬሳ ተሰጣቸው? ሞተዋል ብሎ በወጉ የነገራቸው ሰው አለ?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ እሱ የፕሮግራሙ አካል አይደለም» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ አንድ ቃል ከአፌ አመለጠኝ። አማርኛም ኦሮምኛም አልነበረም፤ የስፓኒሽ ግሥ ነበር። «ኪታር» አልኩ፣ ብቻዬን፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ። ስድብ አይደለም። ተናጋሪዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚሉት ተራ ቃል ነው። በእኔ ጆሮ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ስድብ ሲያቃጭል ኖሯል።

የነቀምቴ ልጅ የስፓኒሽ ግሥ ከየት አገኘ የሚል ካለ፣ ከጋሽ ኢታና ነው። ጋሽ ኢታና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከብዙ ልጆች ጋር ተጭኖ ኩባ የተላከ፣ እዚያ አድጎና ተምሮ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የተመለሰ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ሠፈራችን ውስጥ በአንዲት ክፍል ይኖራል። እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጅ ወዲያ ኦሮምኛ ነበር ቋንቋዬ። ሦስተኛ ቋንቋ ያሻኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ክረምቱ ስለረዘመ ነው። የወለጋ ዝናብ አንዴ ከጀመረ መቼ እንደሚያቆም ራሱም አያውቀውም፤ ሰውም እቤቱ ተዘግቶ ያልፈለገውን ይማራል።

ትምህርቱ የሚሰጠው አንጮቴ እየተላጠ ነበር። አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ነው። ከነልጣጩ ይቀቀልና ገና ትኩስ ሳለ ይላጣል፤ ከዚያ ተወቅጦ በቅቤና በቅመም ይበላል። ጋሽ ኢታና ጣቶቹን እያራገበ ይልጥና «ኪታር!» ይላል። ልጣጩን ማንሣት ኪታር ነው። ጫማ ማውለቅ ኪታር ነው። ከጠረጴዛ ላይ ሳህን ማንሣት፣ ከልብስ ቆሻሻ ማስለቀቅ፣ ከሰው እጅ መንጠቅ፣ ራስ ምታትን ማስታገስ፣ ሁሉም ኪታር። «ኪታቴ!» ካሉህ ደግሞ ከመንገዴ ዞር በል ማለት ነው። እኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለን፤ መላጥ፣ ማውለቅ፣ መንጠቅ፣ መግፈፍ፣ ማንሣት። እነሱ በአንዱ ጨርሰውታል።

«ሰነፎች ናቸው እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሰነፉ አንተ ነህ ኮምፓኜሮ» አለኝ። ባልንጀራዬ እንደማለት ነው፤ ሲያሾፍብኝ ነበር እንዲያ የሚለኝ። «አማርኛ ‹ወሰደልኝ› እና ‹ወሰደብኝ› ብሎ ለይቶ ያጎርስሃል። ስፓኒሽ ‹ሕመሜን ወሰደልኝ›ንም ‹መሬቴን ወሰደብኝ›ንም በአንድ መልክ ነው የሚለው። ስለዚህ ኪታር የሚል ሰው ስትሰማ መጠየቅ አለብህ። አ ኪዬን? ከማን ላይ? ባለቤቱ ምን አለ? ይህን ሳትጠይቅ ግሡን አውቄዋለሁ እንዳትል።»

ከዚያ ትኩሱን አንጮቴ አስቀምጦ የራሱን ነገር ነገረኝ። ኩባ ሳለ እናቱ ሞታለች። የጻፈለት የለም፤ ልጁ እንዳይደነግጥ ተብሎ። ሲመለስ ዘመድ ሁሉ አውቶቡስ መሣፈሪያው ድረስ ነጭና ቀይ ለብሶ ተቀበለው። ጥቁር የለበሰ አላየምና እናቴ ቤት እየጠበቀችኝ ነው ብሎ አሰበ። መንገዱን ሙሉ ያመጣላትን ጫማ ሲያሳያቸው ነበር።

«የሐዘን ልብስ ማውለቅም በዚሁ ግሥ ነው» አለኝ። «ኪታርሴ ኤል ሉቶ። ስመጣ ሁሉም አውልቀው ጨርሰዋል። ለእኔ የተረፈ ጥቁር አልነበረም።»

እኔ ይህን ሰምቼ ምን አደረግሁ? ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ቆንጆ ምሳሌ ነው ብዬ።

አሁን ወደ አዴ ገለቴ ልምጣ፤ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው። አዴ ገለቴ መናኸሪያው በር ላይ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ፈይሳ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያ ጦር ተበትኗል፣ መንግሥቱም ተለውጧል፤ ከፊሉ ወታደር በእግሩ ተመልሷል፣ ከፊሉ አልተመለሰም። ፈይሳ ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። አዴ ገለቴ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው በቆሏቸውን ይሸጣሉ፤ ከአዲስ አበባ በባኮ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ በገባ ቁጥር ግን ብድግ ብለው የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያሉ። ሠፈሩ በዚህ ይገረም ነበር። ካዘኑ አይጠብቁ፣ ከጠበቁ አይዘኑ ይላል።

በመስከረም መጨረሻ የሠፈሩ ሊቀመንበር አስጠራኝ። አዲስ ሹም ነበር፤ የቀድሞውን መንግሥት ወታደር የሚያስታውስ ነገር ሁሉ የሚያሳክከው። የእኔን እጅ ጽሑፍና ምላስ ሠፈሩ ያውቃል፤ ለሠርግም ለሽኝትም ንግግር የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

«ሰኞ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ። «መናኸሪያው በር ላይ ቁራ ቁጭ ብላ እንድትቀበላቸው አልፈልግም። ዕድሩ ቅዳሜ ጥቁሯን ያስወልቃታል። አንተ ተናገር።»

«እሺ ይላሉ?»

«ሁለቴ ተጠይቃ እምቢ ብላለች። ለዚህ እኮ ነው አንተን የጠራሁህ፣ ጋዜጠኛው! የሚያሳርፍ ነገር ጨምርበት። ሲሞት አየሁ የሚል ሰው ቢኖር ጥሩ ነው።»

«አለ እንዴ እንደዚያ የሚል?»

ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ይኖራል እንጂ» አለ። «ስንት ሺህ ሰው አብሮ ሄዶ አንድ ያየ ይጠፋል?»

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ዕድርተኛው ክፉ አልነበረም። ሐዘንተኛ ላይ ጥቁር ሲበዛ ሰብሰብ ብሎ ሄዶ፣ መክሮና መርቆ ማስወለቅ የቆየ ደግነት ነው። ሴቶቹ ጋቢ ዘርግተው ይጋርዳሉ፤ በዕድሜ የገፋችው ጥቁሩን ታወልቃለች፤ አዲስ ቀሚስ ይጠለቃል፤ ይበላል፣ ይጠጣል። የወለቀው ጥቁር ወደዚያ ቤት አይመለስም። ለዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር መቅደም ነበረበት፤ መርዶ። መጀመሪያ ሞተ ተብሎ መነገር አለበት። ለአዴ ገለቴ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው የለም። ያን የጎደለ መርዶ እንድሞላ ነበር የታዘዝኩት፤ ገብቶኝም ነበር። አልገባኝም ነበር ብል ዛሬም እዋሻለሁ።

ንግግሩን ዓርብ ጻፍኩት። ለጋሽ ኢታና አላሳየሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። የአዴ ገለቴ ግቢ በሰው ተሞላ። ቀሚሱ ቢጫና ቀይ አበባ ያለበት ነው፤ ከሩቅ ይጣራል። አዴ ገለቴ በርጩማቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው የተዘጋ በር ነው። ቆምኩና ጀመርኩ። በኦሮምኛ ተናገርኩ፣ ኦሮምኛ ለማይሰሙትም በአማርኛ መለስኩት። ስለ እናት ማሕፀን አወራሁ፣ ስለ ሌሊትና ስለ ንጋት አወራሁ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ አዴ ገለቴ ግን ንቅንቅ አላሉም። ያኔ የመጨረሻዋን አወጣኋት።

«ፈይሳ ብቻውን አልሞተም። አብሮት የነበረ የጉቴ ልጅ ዓይኑን ከድኖ፣ አፈር አልብሶ ቀብሮታል።»

ጉቴ ከነቀምቴ በእግር የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ናት። ለምን ጉቴ አልኩ? ጊምቢም ነጆም ማለት እችል ነበር። ጉቴ አጭር ናት፤ ለአረፍተ ነገሩ ዜማ ትመቻለች። በቃ፣ ለዚህ ነው።

አዴ ገለቴ ቀና አሉ። «ዱጋ?» አሉኝ፤ እውነት? ማለታቸው ነው።

«ዱጋ» አልኳቸው።

አዴ ገለቴ ሴቶቹ ጋቢውን እስኪዘረጉ አልጠበቁም። የራሳቸውን ሻሽ በራሳቸው እጅ ፈቱት። ግቢው በእልልታና በለቅሶ ተደበላለቀ፣ እኔም አለቀስኩ። የሚያስለቅሰኝ የራሴ ድምፅ ነበር። ጥቁሩን የሊቀመንበሩ ዘበኛ ጠቅልሎ ወሰደው፤ በዚያው ቀን ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ተቃጠለ።

ሰው እየበላ ሳለ በአዲሱ ቀሚስ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ።

«ጉርባ» አሉኝ፤ ልጅ ማለት ነው። «ስሙ ማነው? የጉቴው።»

«ስሙን አልነገሩኝም አዴ።»

«ደግ። ጉቴ ትንሽ ናት።»

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ ተጨበጨበላቸው፤ ሄዱ። አዴ ገለቴ መናኸሪያው በር ላይ አልነበሩም። ጉቴ ናቸው። በትንሽ ቅል ቅቤ ይዘው፣ ልጃቸውን ለቀበረላቸው ሰው ሊሰጡ፣ በባለአበባው ቀሚስ ከደጅ ደጅ ሲጠይቁ ዋሉ። ማታ ቅሉን እንደያዙ ተመለሱ። በሚቀጥለው ገበያ ደግመው ሄዱ። የጉቴ ሰው ከጦር የተመለሰን ሁሉ እየጠራ አሳያቸው። አንድ እግሩን ያጣ ወታደር፣ «እናቴ፣ እኔ ሌላ ግንባር ነበርኩ። ቅቤውን ብቻ ተቀበል ካሉኝ ግን እቀበላለሁ» ብሎ እንዳሳቃቸው ራሳቸው ነገሩን። እየሳቁ ነገሩን።

ለሦስተኛው ጉዞ ቅሉን ልያዝልዎ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ጥቅምት ገብቷል። ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ መንገዱ ደርቆ አቧራው ገና አልተነሣም። ከእኔ ይፈጥናሉ። አውቶቡስ ሲያልፈን ዞር ብለው አያዩም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የኖሩበትን ብድግ ማለት እኔ በአንድ አረፍተ ነገር አስትቻቸዋለሁ። የጉቴ ቤቶች ብቅ ሲሉ እግሬ ቆመ።

«አዴ፣ የጉቴ ልጅ የለም።»

«ሞተ እንዴ?»

«አልነበረም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ቅሉን ከእጄ ወሰዱና ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። እንዳይፈስ አስተካክለው ነው ያስቀመጡት።

«ማን አዘዘህ?»

«ሊቀመንበሩ።»

«ጉቴ በል ብሎ አዘዘህ?»

«አይ። ያየ ሰው ይኑር ነው ያለኝ።»

«ጉቴን ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«በፀሐይ በዝናብ ጉቴ ያመላለስከኝ አንተ ነህ። ያ ሹም አይደለም። እሱ እንግዳ ነው የፈለገው። አንተ ምን ፈልገህ ነው?»

ጭብጨባ ነበር የፈለግሁት።

«ጥቁሬን መልስልኝ» አሉኝ።

«ተቃጥሏል አዴ።»

ያኔ ነው ድምፃቸው የተነሣው። መንገደኛ ሁሉ ዞር አለ። «ለሞቱ የለበስኩት ይመስላችኋል! ሞቱን ማን ነገረኝ? ነግረውኝ ቢሆን ዓመቴን ለብሼ በራሴ እጅ አወልቀው ነበር። እስኪነግሩኝ ነው የለበስኩት! በዚያ በር የሚያልፍ ሹም ሁሉ ‹ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው› ብሎ እንዲጠይቅ ነው! የጠየቀ የለም። እሺ፣ አልጠየቁም። እናንተ መጥታችሁ ጥያቄዬን አወለቃችሁት!»

የጋሽ ኢታና ‹ከማን ላይ› ያኔ ገባኝ፤ ትምህርቱ ካለፈ ከወር በኋላ፣ አንዲት ባልቴት መንገድ ዳር ካቆምኩ በኋላ።

በማግሥቱ ቤታቸው አስጠሩኝ። ግቢው መሐል ሦስት ጉልቻ ላይ ትልቅ ብረት ድስት ተጥዷል፤ ከገበያ የተገዛ ጥቁር የልብስ ቀለም ይፈላበታል። ባለአበባውን ቀሚስ ጨምረውታል። በእጄ ዱላ ሰጡኝ።

«አማስል» አሉ።

«ሌላ ጥቁር ቀሚስ እናምጣልዎ...»

«ሌላ አልፈልግም። የሰጣችሁኝን ነው የምለብሰው። አማስል!»

እስከ ቀትር አማሰልኩ። እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። በዱላ አልሆን ሲል በእጄ ጨመቅሁት፣ ዘረጋሁት፣ መልሼ ነከርኩት። ቀሚሱ ጠቆረ፤ አበባው ግን አልጠፋም። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቢጫው እንደ ዝገት፣ ቀዩ እንደ ደረቀ ደም ሆኖ ከጥቁሩ ሥር ይታያል። አዴ ገለቴ ቀረብ ብለው አዩትና፣ «ይሁን» አሉ። «እናንተም እንድትታዩ።»

በዚያ ቀሚስ መናኸሪያው በር ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ሲያልፍ አየ፤ ምንም አላለም። ምን ይበል? ዕድሩ ያለበሳቸው ቀሚስ ነው። አውቶቡስ ሲገባ ብድግ ይላሉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሲሞቱም ስለ ፈይሳ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ ነበር። በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ ፈተግሁት። ጋሽ ኢታና ቤት ስሄድ ደብቄ ልገባ ነበር፤ አንጮቴ ሲያቀብለኝ አየው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር መሰለኝ ምንም አልጠየቀኝም።

«ኖ ሴ ኪታ» አለኝ፤ አይለቅም ማለት ነው። ያን ቀን ኮምፓኜሮ አላለኝም።

በእርግጥ ቀለሙ ከቆዳዬ በሦስት ሳምንት ለቀቀ። እኔም ውጤቴ መጥቶ ነቀምቴን ለቅቄ ሄድኩ፣ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ጻፍኩ፣ በሌሎች ሰዎች ውሸት ላይ በመሳለቅ እንጀራዬን በላሁ። ጎልምሼ ተመልሼ እዚሁ ከተማ ስቀመጥ የገረመኝ የሊቀመንበሩ ዓይነት ሰው አለመጥፋቱ አይደለም፤ እሱ አይጠፋም። የሚያናድደኝ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የነበርኩት ዓይነቱ ነው። ድምፁ የሚያምረው። ባነሩ ላይ የሚጻፈውን ቃል የሚመርጠው። የሚያስለቅሰውን አረፍተ ነገር የሚያውቅ፣ ‹ማን ገደላቸው› ሲባል ግን ወረቀት የሚያገላብጠው። ሐዘን የከተማ ገጽታ አበላሸ ተብሎ በአዳራሽ ሲወልቅ ደግነት ነው ብሎ የሚያምን፤ እያመነ ስለሚሠራው ደግሞ ከሹሙ የባሰ አደገኛ የሆነ።

ለአስተባባሪው መልስ ጻፍኩለት። እመጣለሁ አልኩ። በቅድሚያ ግን የሰባቱን እናቶች ስም፣ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም፣ የት እንደቀሩና ማን ሊጠየቅ እንደሚገባ ላክልኝ፤ ንግግሬ እሱን ማንበብ ብቻ ነው። ሰባቱንም አንድ በአንድ ‹ማውለቅ ትፈልጊያለሽ?› ብዬ ከመድረክ ወርጄ እጠይቃለሁ፤ አልፈልግም ያለችውን ማንም አይነካትም።

አራት ቀን ዝም ተባልኩ። ትናንት መልሱ መጣ። «ጋሼ፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን፤ ሌላ ተናጋሪ አግኝተናል።» የተጣመሩት እጆች አሁንም አሉ።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ወርጄ የልብስ ቀለም የምትሸጥ ልጅ ጋ ቆምኩ።

«ጥቁር አለሽ?»

«አለ ጋሼ። ለምን ዓይነት ልብስ ነው?»

«አበባ ላለበት።»

«አበባው እኮ አይጠፋም፤ ከሥር ይታያል። ኋላ አልነገረችኝም እንዳይሉኝ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሰባት እሽግ ስጪኝ።»